ፊቱን የደፋ እንጀራ

የሺሃረግ የተገለበጠውን እንጀራ ልብ ያለችው ሐሙስ ቀን ምሳ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ ስድስት ሳምንት አልፎታል።

ትሪው ላይ በእሷ በኩል ያለው እንጀራ እንደ ወጉ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። በልጇ በትዝታ በኩል ያለው ግን በግንባሩ ተደፍቶ ጀርባውን ለሰው ሰጥቷል። ሽሮው የፈሰሰው በዚያ በልሙጡ ጀርባ ላይ ነው።

«ይሄ እንጀራ ተገልብጧል እኮ» አለች የሺሃረግ።

«እ? ሳላየው ነው» አለች ትዝታ፣ ቀና ሳትል።

ሌላ እናት ብትሆን ነገሩ እዚያው ባበቃ። ሰው ተቻኩሎ እንጀራ ቢገለብጥ ምን ይደንቃል? የሺሃረግ ግን ትንሽ ነገር አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ጎረቤቷ ውዴ «የሺ ደመና ካየች ጎርፉ ወስዷት ነው የምታድረው» እያለች ትስቅባታለች። ባሏ ይሻው የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ስጋት ብቻዋን ትሰጋለች። ስልኳ ላይ የሚደርሳትን ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ ስለ ተመረዘ ዘይትም ይሁን ስለ ሌባ ወይም ስለ አዲስ በሽታ፣ ለዘመድ አዝማዱ ሳታደርስ አትተኛም። ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ከተመለሰ ወዲህማ ያመለጣትን ልታካክስ ይመስል ብሶባታል። ይፋግ ላይ እህል የሚነግደው ታናሽ ወንድሟ ሀብታሙ «ጥሩምባ ነፊዋ» ይላታል።

የዚያን ዕለት እጇን ሳትታጠብ ወደ ኋላ ቆጠረች። ትዝታ ገበታ ማቅረብ የጀመረችው መቼ ነው? በዐቢይ ጾም አጋማሽ። እሷም «ልጄ እኮ አደገች፣ እኔን ቁጭ አድርጋ ነው የምታቀርበው» ብላ ለውዴ ተመጻድቃለች። በጾሙ ስትከሳም «ጠንክራ ጾማ ነው» አለች። በፋሲካ ዕለት ልጅቱ ዶሮውን በዳቦ በላች፤ ያውም የዳቦውን ለስላሳ ውስጡን ትታ ቅርፊቱን ብቻ እየላጠች። ያንንም «ሆዷ ቅባት አስደንግጦት ነው» ብላ አለፈችው። የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ከቤት የጠፋውስ መቼ ነበር? ዛሬ ደግሞ ልጅቱ ትሪውን ልትመልስ ስትነሣ የዩኒፎርሟ ጉርድ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዙን አየች። መርፌ ቁልፉ ሁለት ነበር።

ዓርብ ዕለት ክሊኒክ ወሰደቻት። ደሟን ሰጠች፤ ሰገራዋም ታየ። «ምንም የለባትም፣ ትብላ ብቻ» ተባለች። የሺሃረግ በዚህ ጭራሽ ደነገጠች። ስም ያለው በሽታ መድኃኒት አለው፤ ስም የሌለው ነው ሰው የሚጨርሰው። ማታውኑ ለሀብታሙ ደውላ ለጠበል ወደ ጣራ ገዳም የሚወስዳት መኪና እንዲያፈላልግላት ነገረችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ አላስቻላትም።

«ትዝታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አርግዘሽም እንደሆነ አልቆጣሽም።»

ትዝታ የያዘችውን ሸሚዝ ሳፋው ውስጥ ጣለችው። «እማዬ! ምን ነካሽ አንቺ?»

«ታዲያ ምንድን ነው? እንደ ሻማ እየቀለጥሽ ቆሜ ልይ?»

ልጅቱ አረፋውን በጣቷ ጠራረገች፤ እንደገና ሲሰበሰብ አየችና ፊቷን አዞረች። «የእንጀራውን ዓይን ማየት አልችልም» አለች በመጨረሻ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቀዳዳዎቹ አንድ ላይ ተሰብስበው ሳያቸው... ቆዳዬ ውስጥ የሚገቡ ይመስለኛል። ይበላኛል፤ ያቅለሸልሸኛል። እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ስፖንጁም እንደዚያው ነው፤ እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፎቶ ካየሁ ጀምሮ። የሰው እጅ ነው፣ መዳፉ ሁሉ ተበሳስቶ፣ በየቀዳዳው ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ተቀምጦ። ድንገት ነው የከፈትኩት። ያን ጊዜ እንጀራ እየበላሁ ነበር።»

«ማን ነው የላከልሽ?»

«ሰው።»

«ሰው ስም የለውም?»

ትዝታ ሸሚዙን ከሳፋው አውጥታ መጭመቅ ጀመረች። የሺሃረግ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ይህን የላከ እጁ ይድረቅ! ልጄን እንዳስራበው እሱም የበላው አይርጋለት!»

«እማዬ አትርገሚ!» ትዝታ በእርጥብ እጇ የእናቷን አፍ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «በእመብርሃን አትርገሚ። ሳያውቅ ነው።»

«ጭራሽ ትሟገችለታለሽ?» አለች የሺሃረግ። ያን ምሽት የማታውቀው አንድ ጎረምሳ በአሳቧ ሲመላለስ አደረ።

እሑድ ገንፎ አገነፋችላት። ገንፎ ዓይን የለውም። ልጅቱ ጥርግ አድርጋ በላችው፤ የሺሃረግም ደስ ብሏት ሳታበቃ ፈተናው ትዝ አላት። ትዝታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የዘንድሮው ተፈታኝ እንደ አምናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረና ከተማሪ ካፌ እየበላ ነው የሚፈተነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንጀራ ልትገለብጥ ነው? ወይስ ሳትበላ ልትፈተን? ማትሪክ ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚመስል የሺሃረግ ታውቀዋለች። እሷ ሳይመጣላት ቀርቶ ነው ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጠችው።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ስትገባ ፊቷን ያዩት አለቃዋ አቶ ደሞዜ «ምን ሆንሽ?» አሏት። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ሲያዩ ሰው አይዋሻቸውም። ነገረቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣቷ እመቤትም ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚለጥፍ ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቅ የለበትም?» አለች የሺሃረግ። «ቀዳዳ የምትፈሩ አትክፈቱት ቢል ምን ይቀርበታል?»

«እትዬ የሺ ደግሞ!» አለች እመቤት። «ሰው ሁሉ የሚፈራውን እየጠየቅን ልንለጥፍ ነው? እኔ ለምሳሌ ድመት እፈራለሁ። ድመት የሚለጥፍ ሁሉ እመቤት ሆይ ተከናነቢ ይበለኛ!»

«ቢልሽ ምን ይጎዳዋል?»

«ይሰለቻል! ሁሉ ነገር ማስጠንቀቂያ ካለበት ማን ያነበዋል? አንዳንዱ ደግሞ አትዩ ሲሉት ነው የሚያየው። ሩቅ ሳትሄጂ፣ እኔ።»

አቶ ደሞዜ የያዙትን ፋይል ዘጉ። «እመቤት፣ የአባትሽን መርዶ ማን ነገረሽ?»

የልጅቱ ሣቅ ቀዘቀዘ። «አጎቶቼ ናቸው። ንጋት ላይ መጡ።»

«ስንት ሆነው?»

«ሰባት ስምንት ሳይሆኑ አይቀሩም። ገና ደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲቆሙ ገባኝ።»

«አየሽ? ሞቱን አልቀነሱልሽም። ድንገቱን ግን ቀነሱልሽ። ልብሽን የምትይዢበት ትንፋሽ ሰጡሽ።» መደርደሪያውን በአገጫቸው አመለከቱ። «ደብዳቤ ላይስ ቢሆን ጉዳዩ የሚባለው ለምን ከአናቱ ይጻፋል?»

«እሱማ ለፋይል ነው ጋሼ።»

«ለፋይልም ነው፣ ለልብም ነው። ጉዳዩ፦ ስንብትን ስለማሳወቅ ይላል። ተቀምጠሽ ታነቢዋለሽ።» ከዚያ ወደ የሺሃረግ ዞሩ። «አንቺ ግን እርግማኑን ተይው። እርግማን እንደ ደብዳቤ ነው፤ አድራሻው ከተሳሳተ ለላኪው ይመለሳል።»

የሺሃረግ ይህን የመጨረሻውን አልሰማችም። የሰማችው «ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱም እሳት ሆነባት። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አውጥታ የቤተሰቡን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። «የዘነበች ልጆች» ይባላል፤ በእናታቸው ስም ነው። ሃያ ሦስት ሰው አለበት፤ ትዝታም አለችበት። ወዳጅ ጠላት የሚለየው ዛሬ ነው ብላ ጻፈች፦

«ለመላው ቤተሰብ። የተበሳሳ እጅ የሚያሳይ ፎቶ ለልጆች እንዳትልኩ። ልጄ በዚህ ምክንያት እንጀራ ማየት አቅቷት ልትሞትብኝ ነው። የላከውን ሰው ግን እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው።»

ከደቂቃዎች በኋላ ሀብታሙ ጻፈ፦ «እንዴ እታለም! ጥሩምባውን ራስሽ ነፍተሽ ስታበቂ ማን ሞተ ትያለሽ?» ከጽሑፉ ጋር አንድ አሮጌ መልእክት ጎትቶ እንደ አዲስ ለጥፎት ነበር።

«ማስጠንቀቂያ!!! ያልታጠበ ፍራፍሬ የበላች ሴት እጅ ይህን መስሏል። ለምትወዱት ሁሉ አሁኑኑ አድርሱ።» ከአናቱ ላይ የላኪው ስም አለ። የሺሃረግ። መጋቢት አሥራ አንድ።

መጀመሪያ «ስልኬን ሰው ነክቶት ነው» አለች በልቧ። ቀጥሎ ግን አስታወሰች። ያን ሰሞን ካርድ እንዳይበላባት ፎቶው በራሱ እንዳይከፈት ዘግታው ነበር። የደረሳት ግራጫ ጭጋግ ነው። «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን አነበበች፤ «ለምትወዱት ሁሉ» የሚለውን አነበበች፤ ከዚያ ሳትከፍተው ላከችው። ለግሩፑ ብቻ ሳይሆን ለትዝታ ለብቻዋም ልካላታለች፤ «ፍሬ ሳታጥቢ እንዳትበዪ ልጄ» የሚል ጨምራበት።

አሁን ግራጫውን ጭጋግ ተጫነችው። ፎቶው ቀስ እያለ ጠራ። የሰው መዳፍ ነው፤ ላዩ ላይ ቀዳዳ የበዛበት የደረቀ የአበባ ፍሬ የመሰለ ነገር በኮምፒውተር ተለጥፎበታል። ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ደጋግማ አየችው። አልበላትም፤ አላቅለሸለሻትም። ምንም አልሆነችም። ልጇን ከሰው በታች ያደረገው ነገር ለእሷ ከምንም አለመቆጠሩ ከፎቶው ይልቅ አስፈራት። ለካ ከጎኗ ተቀምጣ እየበላች ያቺ ልጅ ሌላ ነገር ታይ ነበር።

ሌላው ነገር የታያት ከዚህ በኋላ ነው። ትዝታ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ናት፤ አሁን ቤት ናት። ስልኳ እጇ ላይ ነው። ፎቶው ደግሞ እንደገና ከላይ ወጥቷል፤ ለሃያ ሦስት ሰው ከተነገረው ምሥጢሯ ጋር።

ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም። ያልተመዘገበ ገቢ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተከመረ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ አቶ ደሞዜ ለስብሰባ ሄደው ስለነበር አላስፈቀደችም። ባጃጅ ይዛ ቤቷ ስትደርስ የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያ በር ሲዘጋ ሰፈሩን የሚያናውጥ ነው፤ የሺሃረግ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዘግታ፣ ቆልፋ፣ ሦስት ጊዜ ሳትነካካው አትቀመጥም። አሁን ነፋስ እያወዛወዘው ነው።

«ትዝታ! ትዝታዬ!»

ቤቱ ባዶ ነው። የልጅቱ ስልክ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሳፋ ተደፍቶበት ወጥ ቤት ወለል ላይ ተገኘ። እባብ የገደለ ሰው እንኳ እንዲህ አድርጎ አይከድነውም።

ውዴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ቅድም ወደ ታች ስትወርድ አይቻታለሁ። ሰላም ብላት አልሰማችኝም። ምነው፣ ተጣላችሁ?»

«ምን ይዛ ነበር?»

«ምንም። ባዶ እጇን ነበረች።»

ባዶ እጇን። የሺሃረግ ወንዙ ታያት። ገደሉ ታያት። መናኸሪያው ታያት፤ የማያውቋት ሰዎች ልጇን መኪና ውስጥ ሲያስገቧት። ለሀብታሙ ደወለች።

«ይፋግ መጥታለች? እናታችን ዘንድ ሄዳ ይሆን?»

«አልመጣችም። ምን ሆነች?» የሀብታሙ ድምፅ ከቀልዱ ሁሉ ተራቁቷል። «እታለም፣ እኔ እኮ አንቺን ላሥቅ ነው። ፎቶው ለእሷም ተመልሶ እንደሚታያት አላሰብኩትም።»

«እኔም አላሰብኩትም» አለችና ዘጋችው።

መናኸሪያ ሮጠች። ወደ ወረታ የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ አንገቷን እያስገባች ሴት ልጅ ሁሉ አየች። ረዳቱ «እናት፣ ሂሳብ ሳይከፈል እይታ የለም» ብሎ ቀለደባት፤ ፊቷን ሲያይ ግን አፈረና በጓደኞቹ በኩል ጠያየቀላት። የለችም። በመንገድ ሁሉ ለምታውቀው ሰው ስትደውል፣ ስልኳ ከጆሮዋ ሳይነሣ ቤቷ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያኑ ሠርክ ጸሎት አድርሷል። ብርዱ ወርዷል፤ ባጃጆቹ ወደየቤታቸው እየገቡ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፤ አለፈ። በሩን አልዘጋችውም። ብትዘጋው ልጇን በውጭ የቆለፈችባት ይመስላታል። ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ያን «እጁ ይድረቅ» ያለችውን እጅ፣ የራሷን እጅ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታየው ጀመር።

አንድ ባርኔጣና አንድ የዩኒፎርም ሹራብ ከመንገዱ ዞረው ሲመጡ መጀመሪያ አላመነችም።

«ተረከቢ» አሉ አቶ ደሞዜ እያለከለኩ። «ገቢ ናት። በፊርማ ነው።»

የሺሃረግ ልጇን ጨምቃ ያዘቻት፤ አጥንቷ አንድ በአንድ በእጇ ተቆጠረ። «የት ነበርሽ? የት ነበርሽ የኔ እናት?»

«አንቺ መሥሪያ ቤት» አለች ትዝታ። «በአቋራጭ በእግሬ ሄድኩ። አንቺ የለሽም።»

«እኔ በባጃጅ መጣሁ...»

«ከስብሰባ ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች አገኘኋት» አሉ አቶ ደሞዜ። «አንቺ ትመለሻለሽ ብለን ጠበቅን። በኋላም ደወልን፣ ደወልን፤ ተይዟል ይላል። ከተማውን ሁሉ ስታነጋግሪ እኛን አጣሽ።» አልገባም አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው «ያን አንደበትሽን ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። የእናት እርግማን ሳይፈታ ልጅ ፊት አይተውም» አሏትና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወረዱ።

እናትና ልጅ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አለች የሺሃረግ።

«አውቃለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አንቺም እህል አትበዪም። ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ ረገምሽ። ያንን ሰምቼ እንዴት ልንገርሽ?» ትዝታ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዛሬ ፎቶው ሲመጣ... እሱንስ ቻልኩት፣ ጣልኩት። ለሃያ ሦስት ሰው ነገርሽብኝ እማዬ! ልጮህብሽ ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ ደግሞ፣ አሁን እናቴ እርግማኑ የራሷ መሆኑን አውቃለች፣ ብቻዋን ናት ብዬ መሮጥ ጀመርኩ።»

የሺሃረግ ለልጅ ይቅርታ የሚባልበትን ቋንቋ አታውቀውም፤ ለእሷም ያለላት የለም። ስልኳን አወጣችና ፎቶውን ከግሩፑ አጠፋችው። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ የምታውቀው አጻጻፍ አንድ ብቻ ነው። «ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ» አለች ከአናቱ።

«ስሜን አታንሺ» አለች ትዝታ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ።

«አላነሣም።» ቀጠለች፦ «እኔ የላክሁትን ፎቶ ሳላየው ነው የላክሁት። የረገምሁትን መልሻለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ግሩፕ ምስል የሚልክ ሁሉ ምን እንዳለበት አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ። ሰው የሚፈራው አይታወቅም።»

«ልላከው?» አለች።

ትዝታ ከአናቱ ጀምራ እንደገና አነበበችውና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ወዲያው መጣ። ሀብታሙ ነው፦ «ቁጥርና ቀን የለውም፤ ማኅተሙም አይታይም።» ከአፍታ በኋላ ሌላ፦ «እሺ እታለም። ይቅርታ በዪልኝ።» ትዝታ ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

እራት የሺሃረግ አቀረበች። ሁለቱንም እንጀራ ገለበጠችው፤ የልጇንም፣ የራሷንም። እናቷ «እንጀራ በግንባሩ አይደፋም» ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው፤ ገለበጠችው ግን። ትዝታ ስትቆርስ የእንጀራው ጠርዝ ዞሮ ዓይኑ ብቅ አለባት፤ ቶሎ ሽሮ አለበሰችውና ግድግዳውን እያየች ዋጠችው። የሺሃረግ የልጇን ጉርሻ ስትቆጥር ሰባት ላይ ራሷን ያዘችና መቁጠሩን ተወችው። ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው። ካፌው አለ፣ የሰው ዓይን አለ፣ ገና ማን ምን እንደሚልክ የሚያውቅ የለም። የጣራ ገዳሙ ጉዞም እንዳለ ነው። ይህ ሁሉ ከእሷ ጋር ገበታው ላይ ተቀምጧል።

«በሩ ክፍት ነው እኮ» አለች ትዝታ እጇን እየታጠበች።

የሺሃረግ ተነሣች። የብረቱን መያዣ ጨበጠችና ከመሳቧ በፊት ወደ ልጇ ዞረች።

«ይጮኻል፤ ልዘጋው ነው» አለች።

«ዝጊው» አለች ትዝታ።

በሩን ሳበችው፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረች።